ሳጥኑ ሳይለካ ዕቃው አይገዛ

በከተማ ኑሮ አንዲት እናት ብዙ አስባና አውጥታ አውርዳ የምትገዛቸው ትልልቅ የቤት ዕቃዎች የሚቆጠሩ ናቸው። አልጋ፣ ቡፌ፣ ፍሪጅ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና ቴሌቪዥን ከተሟሉ ሌላው እንደ አቅም የሚታይ ነው። እነዚህን ስትገዛም በቀላሉ የምትታለል አይደለችም። የቡፌውን ወርድ ትለካለች፤ በበሩ ይገባ እንደሆነ ታሰላለች፤ ምጣዱ ስንት ዋት እንደሚወስድ ትጠይቃለች፤ ሦስት አራት ሱቅ ዞራ ዋጋ ታነጻጽራለች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ኮምፒዩተር ገብቷል። ይሁን እንጂ በዚህኛው ዕቃ ላይ ብዙዎቹ እናቶች የለመዱትን መለካትና መጠየቅ ትተው፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ልጆቹ ያውቁታል» በማለት ገንዘቡን ከማውጣት በቀር በምርጫው አይገቡበትም። የዚህ ሳምንት ጽሑፋችን ዓላማ ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚያከስርና እንዴት ሊታረም እንደሚችል ማመልከት ነው።

ርእሱን ለማንሣት ምክንያት የሆኑን አንዲት የሁለት ልጆች እናት ናቸው። በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ያገለግላሉ፤ የሚኖሩትም ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ትልቋ ልጃቸው የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ስትሆን፣ ሥዕል ከመሣል አልፋ በስልኳ ላይ ሥዕሎቿን ማንቀሳቀስ ጀምራለች። ታናሽ ወንድሟ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እርሱ የሚፈልገው የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። እኚህ እናት ባለፈው ዓመት የዕቁብ ዕጣ በወጣላቸው ጊዜ ለሁለቱም ይሆናል ብለው ያገለገለ፣ ትንሽና ቀጭን የቢሮ ኮምፒዩተር ገዙ። ሻጩ፣ «እናቴ፣ ቤትዎን አያጣብብም፤ ግራፊክስ ካርድ ብቻ ይጨምሩበት፤ ጨዋታውንም አኒሜሽኑንም ይሠራል» ብሎ አሳምኗቸው ነበር።

ካርዱንም ከሌላ ሱቅ ጨምረው ገዙ። እቤት ወስደው ሳጥኑን ሲከፍቱት ግን ካርዱ ለቀጭኑ ሳጥን ከፍ ያለ ሆኖ አልገባ አለ። ለቀጭን ሳጥን ተብሎ የተሠራ ዝቅተኛ ካርድ እንፈልግ ቢሉ፣ የኮምፒዩተሩ ፓወር ሰፕላይ 240 ዋት ብቻ ስለሆነና ለካርድ የሚሰካ ገመድ ስለሌለው ጠንካራ ካርድ ሊሸከም አልቻለም። ፓወር ሰፕላዩን እንለውጠው ቢሉ ደግሞ፣ ቅርጹም መሰኪያውም ለዚያ ማሽን ብቻ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ገበያ ላይ የሚገኘው አይገጥምም። ካርዱን የሸጠው ሱቅ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ። ካርዱም በፎጣ ተጠቅልሎ በቡፌው መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

«ዘንድሮ ዕቁቤ እንደገና ወጥቶልኛል» አሉን እኚህ እናት። «ልጄ ግን እንደገና አልጠየቀችኝም። ያ ገንዘብ የባከነው በእርሷ ምክንያት እንደሆነ ቆጥራ ዝም ብላለች። እኔን የከበደኝ ገንዘቡ ሳይሆን ይኸው ዝምታዋ ነው። አሁን ደግሜ ብሳሳት የምታፍረው እርሷ ናትና እንዳልሳሳት ምከሩኝ።»

እኛም ካርዱን ከመሳቢያው አውጥተው ይዘው እንዲመጡ ነግረን፣ ከአንድ የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያ ጋር ተቀምጠን ጉዳዩን ከሥሩ ተመለከትነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው የዚያ ውይይት ውጤት ነው።

የሁለቱ ልጆች ፍላጎት

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ኮምፒዩተሩ የሚሠራው ሥራ ነው። የኮምፒዩተር ጨዋታ በየቅጽበቱ እየተሣለ የሚታይ ሥዕል ነው። ልጁ ቁልፍ በነካ ቁጥር ማሽኑ አዲስ ሥዕል ያወጣል፤ እንቅስቃሴው እንዳይቆራረጥም በሴኮንድ 60 ያህል ሥዕል ቢያወጣ ይመረጣል። አኒሜሽን ደግሞ ፊልም ነው። ፊልም በአብዛኛው በሴኮንድ 24 ሥዕሎች አሉት። እያንዳንዱን ሥዕል ከነብርሃኑና ከነጥላው አሟልቶ የማውጣቱን ሥራ ባለሙያዎች «ሬንደር» ይሉታል። የአሥር ሴኮንድ ትርኢት 240 ሥዕሎች ይፈልጋል ማለት ነው። አንዱ ሥዕል 2 ደቂቃ ቢፈጅ ሁሉም 480 ደቂቃ፣ ማለትም 8 ሰዓት ይፈጃሉ። ሻል ያለ ካርድ ያንኑ ሥዕል በ20 ሴኮንድ ቢጨርሰው ግን 80 ደቂቃ ይበቃል። ልጅቱ ከትምህርት ቤት መልስ የሠራችውን ዛሬውኑ አይታ ልታርመው ወይም እስከ ነገ ልትጠብቅ የምትችለው በዚህ ልዩነት ነው።

እንግዲህ ጨዋታውም ሆነ አኒሜሽኑ በይበልጥ የሚደገፉት በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። በዚህም ምክንያት አንድ ማሽን ለእኅትና ለወንድም ሊበቃ ይችላል። ልዩነታቸው ጨዋታ የካርዱን ፍጥነት፣ አኒሜሽን ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር የካርዱን ሚሞሪ የሚፈልግ መሆኑ ነው። ልጅቱ የምትሠራው መንደር፣ ቤቱ፣ ዛፉ፣ የሰዎቹ ልብስ ሁሉ ሬንደር በሚደረግበት ጊዜ በካርዱ ሚሞሪ ውስጥ መግባት አለበት። ካልበቃው ሥራው እጅግ ይዘገያል፤ ወይም ጨርሶ ይቆማል።

አኒሜሽን የሚሠራበት ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። አዘጋጆቹ ለደህና ሥራ 32 ጊጋባይት ራምና 8 ጊጋባይት የካርድ ሚሞሪ እንዲኖር ይመክራሉ። «ይህ ነገር እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብለው ለሚጠይቁ ወላጆችም አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2025 በአኒሜሽን ፊልም ዘርፍ የኦስካር ሽልማት ያገኘው «ፍሎው» የተባለው የላትቪያ ፊልም የተሠራው በዚሁ በብሌንደር ነው። ሬንደር የተደረገውም በትልቅ የማሽን ማዕከል ሳይሆን በዳይሬክተሩ በጊንትስ ዚልባሎዲስ ኮምፒዩተር ነው። በአገራችንም «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘው የልጆች አኒሜሽን አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርቷል፤ «ኩኩሉ» የተባለው የስልክ ጨዋታም የአገር ልጆች ሥራ ነው። ይህ ማለት ሥዕል የሚያንቀሳቅስ ልጅ ሁሉ ይሸለማል ማለት አይደለም፤ ሙያው ግን ሙያ ነው።

ካርዱ ሳጥኑን ይመርጣል

ብዙ ሰው ገበያ ሲወጣ መጀመሪያ የሚመርጠው ሳጥኑን ነው። ሳጥኑ ያምራል፣ መብራት አለው፣ ትንሽ ነው ይባላል። ባለሙያው ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ እንዳለበት ነግሮናል። ሥራው ካርዱን ይመርጣል፤ ካርዱ ሳጥኑን ይመርጣል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይከተላል። ከጠቅላላው ገንዘብም ከሲሶ እስከ እኩሌታ ያህሉ ለካርዱ ቢውል ለእንዲህ ያለው ሥራ አይበዛበትም።

የእኚህ እናት ካርድ የኢንቪዲያ ሥሪት የሆነ አርቲኤክስ 3060 ነበር። ባለሙያው ወዲያው የጠየቀው ጥያቄ «ሚሞሪው ስንት ነው?» የሚል ነው። ይህ ካርድ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ 12 ጊጋባይት ሚሞሪ ነበረው። በ2022 መጨረሻ ላይ ግን በዚያው ስም 8 ጊጋባይት ብቻ ያለው፣ ፍጥነቱም የቀነሰ ሌላ ካርድ ወጣ። አርቲኤክስ 4060 ቲአይና አርቲኤክስ 5060 ቲአይም እንደዚሁ በአንድ ስም ባለ 8 እና ባለ 16 ጊጋባይት ሆነው ይሸጣሉ። ስለዚህ ገዢ የካርዱን ስም ብቻ ጠይቆ መመለስ የለበትም፤ ስሙንና የሚሞሪውን መጠን አንድ ላይ ይጠይቅ። አርቲኤክስ 4060 ከ3060 ይልቅ ለጨዋታ ፈጠን ያለ፣ የሚወስደውም ኃይል 115 ዋት ብቻ የሆነ ካርድ ነው፤ ሚሞሪው ግን 8 ጊጋባይት ነው። ቤት ውስጥ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይመረጥ ነበር። ለልጅቱ ሥራ ግን የመሳቢያው ካርድ ባለ 12 ሆኖ በመገኘቱ ሌላ መግዛት አላስፈለገም። ካርዱ የተገዛው ያለ ቦታው እንጂ ካርዱ ራሱ ጥፋት አልነበረበትም።

ከዚያ ባለሙያው ሜትር አወጣና ካርዱን ለካው። ርዝመቱ 24 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሴንቲሜትር ያህል ሆነ። አንድ ፋን ያላቸው አጫጭር ካርዶች እስከ 17 ሴንቲሜትር ዝቅ ሲሉ፣ ሦስት ፋን ያላቸው ከ30 ሴንቲሜትር የሚያልፉ አሉ። የሳጥኑ መግለጫ ወረቀት የሚችለውን የካርድ ርዝመት ይጽፋል፤ ከካርዱ ርዝመት ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ትርፍ ያለው ሳጥን ይመረጥ። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ምን ያህል ከፍታ ሊኖረው እንደሚችልም በዚያው ወረቀት ላይ ይገኛል።

ትንሽ ማለት ምን ያህል ትንሽ ነው?

የኮምፒዩተር ሳጥን መጠን በሊትር ይነገራል። ለእናቶች ይህ የሚያስቸግር አይደለም፤ ውኃ የምንቀዳበት ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ነው። ትናንሽ የሚባሉት ሳጥኖች ከዚህ ጀሪካን የማይበልጡት ናቸው። ለምሳሌ ኤንአር 200 የተባለው የኩለር ማስተር ሳጥን 18 ሊትር ያህል ሲሆን፣ እስከ 33 ሴንቲሜትር የሚደርስ ካርድ ይቀበላል። የጀሪካን እኩሌታ የሚያህሉ ሳጥኖችም አሉ።

ሳጥን ባነሰ ቁጥር ግን በውስጡ የሚገቡት ዕቃዎች ይወደዳሉ፤ ያጥራሉም። ከ20 ሊትር በታች ለሆነው ሳጥን በአብዛኛው የሚያስፈልገው ሚኒ አይቲኤክስ የተባለው ማዘርቦርድ ነው። ጎኑ 17 በ17 ሴንቲሜትር ነው፤ የካርድ መሰኪያው አንድ፣ የራም መሰኪያው በአብዛኛው ሁለት ብቻ ነው። ፓወር ሰፕላዩም ብዙውን ጊዜ ኤስኤፍኤክስ የሚባለው ትንሹ ዓይነት መሆን አለበት። እነዚህ ሁለቱ በየሱቁ የማይገኙ፣ ሲገኙም ከተለመዱት ይልቅ ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። ቢበላሹም ምትካቸውን ፍለጋ ብዙ መዞር ሊያስፈልግ ይችላል።

ከዚህ ከፍ የሚለው ማይክሮ ኤቲኤክስ የተባለው ማዘርቦርድ ነው። ጎኑ እስከ 24.4 በ24.4 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ አራት የራም መሰኪያ አላቸው። ለዚህ የሚሆኑት ሳጥኖች ጠበብ ያሉት ከ25 እስከ 30 ሊትር፣ ማለትም ከጀሪካኑ ከሩብ እስከ እኩሌታ ያህል የሚበልጡ ናቸው። ተራውን፣ በየሱቁ የሚገኘውን ፓወር ሰፕላይ ይቀበላሉ።

እኚህ እናት በቡፌውና በግድግዳው መካከል ያለውን ቦታ አስቀድመው ለክተው ነበር። ወርዱ 35 ሴንቲሜትር ነው። ባለ 28 ሊትሩ ሳጥን 21 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው በመሆኑ አየር ማስተላለፊያ ትቶ ይገባል። ስለዚህ የመጨረሻውን ትንሽ ሳጥን ፍለጋ ገንዘብ ከማፍሰስ ይልቅ ማይክሮ ኤቲኤክሱን መርጠው፣ የተረፈውን ለራም አዋሉት። ቤቱ በእውነት ቦታ የሌለው ከሆነ ትንሹን መምረጥ ትክክል ነው። ቦታ እያለ ለትንሽነቱ ብቻ መክፈል ግን ለታይታ መክፈል ይሆናል።

ፕሮሰሰር፣ ራምና ማስቀመጫ

ፕሮሰሰር ሲመረጥ ስድስት ኮር ያለውና 65 ዋት የሚባለው ለእንዲህ ያለ ማሽን በቂ ነው። የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 እና የኢንቴል ኮር አይ5 12400 ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ልጅቱ ወደ ፊት ከገፋችበት ስምንት ኮር ያለው ይሻላታል። ለጊዜው ግን ለፕሮሰሰር የሚጨመረው ገንዘብ ለካርድና ለራም ቢሆን ጥቅሙ ይበልጣል። በኢንቴል ፕሮሰሰር ስም መጨረሻ ላይ «ኤፍ» የሚል ፊደል ካለ፣ ያለ ግራፊክስ ካርድ ሥዕል የማያወጣ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ተራው ራይዘን 5 5600ም እንደዚሁ ነው።

ፕሮሰሰሩና ማዘርቦርዱ መሰኪያቸው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ራሙም ከማዘርቦርዱ ጋር መስማማት አለበት፤ ዲዲአር 4 የሚቀበል ማዘርቦርድ ዲዲአር 5 አይቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ላይ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች የሚፈለገው ሚሞሪ በመብዛቱ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ላይ በእጅጉ ጨምሯል። ስለዚህ የቆየ ዋጋ ይዞ ገበያ መውጣት አያዋጣም፤ በዕለቱ ይጠየቅ። 32 ጊጋባይት መግዛት ያልቻለች እናት አራት መሰኪያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ገዝታ፣ ሌሎቹን ሁለቱን በሚቀጥለው ዕቁብ ልትጨምር ትችላለች። ሁለት መሰኪያ ባለው ላይ ግን ለመጨመር የመጀመሪያዎቹን አውጥቶ መሸጥ ግድ ይሆናል። ሁለት ራም አንድ ላይ መሰካት ከአንድ ትልቅ ራም ይልቅ ለፍጥነት ይረዳል።

ለማስቀመጫ 1 ቴራባይት ኤስ ኤስ ዲ ይበቃል፤ ኤም 2 የሚባለው በማዘርቦርዱ ላይ የሚተኛው ዓይነት ገመድም ቦታም አይፈልግም። የዘመኑ ጨዋታዎች አንዳንዶቹ ብቻቸውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሚይዙ፣ የወንድሙ ጨዋታ የእኅቱን ሥራ እንዳያፈናቅል ቦታው አስቀድሞ ቢከፈል ጥሩ ነው።

መብራትና ምጣዱ

ወደ ፓወር ሰፕላይ ስንመጣ፣ ለመቆጠብ ሲባል ርካሽ የማይገዛው ዕቃ ይህ ነው። ካርዱ 170 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 80 ዋት ያህል፣ ሌላው 50 ዋት ያህል ቢወስድ በድምሩ 300 ዋት ይሆናል። ለዚህ 550 ዋት የሆነ፣ «80 ፕላስ» የሚል የጥራት ምልክት ያለው ፓወር ሰፕላይ ይመረጣል። ትርፉ የሚያስፈልገው ካርዱ ለቅጽበት ከተለመደው በላይ ስለሚስብና፣ ዕቃው ሁልጊዜ በሙሉ አቅሙ እየሠራ እንዳይንገላታ ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ጀርባው ይታይ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት ያለ ችግር ይሠራል። አንዳንድ የቆዩት ግን 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀያየሪያ አላቸው። በ115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ቢሰካ ወዲያውኑ ይቃጠላል።

«ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ የመብራት ሒሳብ አይገድለኝም ወይ?» የሚለው የእኚህ እናት ጥያቄ ነበር። ሒሳቡን ራሳቸው ሠሩት። 300 ዋት በ8 ሰዓት ሲባዛ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚወስድ፣ የአንድ ሌሊት ሬንደር ከአንድ ሰዓት የእንጀራ ጋገራ አይበልጥም ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ምጣዱ ወይም ምድጃው በተሰካበት መስመር ላይ መሰካት የለበትም።

መብራት በድንገት ሲጠፋና ሲመጣ ዕቃው እንዳይጎዳ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። በዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው ቪኤ ከዋት ጋር አንድ አይደለም፤ 1000 ቪኤ የሚለው ብዙውን ጊዜ 600 ዋት ያህል ነው። ዓላማውም ሌሊቱን ለማሠራት ሳይሆን፣ ሥራን አስቀምጦ ማሽኑን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ለማግኘት ነው። ለልጅቱም አንድ ዘዴ ተነግሯታል። ሬንደር ስታደርግ በአንድ የቪዲዮ ፋይል ሳይሆን እያንዳንዱን ሥዕል ለየብቻው እንዲያስቀምጥ ታዝዘው። መብራት በ150ኛው ሥዕል ላይ ቢጠፋ ከዚያው ከ150ኛው ትቀጥላለች፤ ከመጀመሪያው አትጀምርም።

አቧራና ሙቀት

ትንሽ ሳጥን ሙቀት ያምቃል። ከዚህም ሌላ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ የሳሳ አየር የሚወስደው ሙቀትም ያነሰ ነው። ስለዚህ የፊት ገጹ በመስተዋት የተዘጋ ሳጥን ሳይሆን እንደ ወንፊት የተበሳሳው ይመረጥ። ከፊት አየር የሚያስገባ አንድ ፋን፣ ከኋላ የሚያስወጣ አንድ ፋን ቢያንስ ይኑሩት። ባለ ቀለም መብራቶቹ ለሥራው የሚጨምሩት ነገር የለም።

ኮምፒዩተሩ በቡፌው ውስጥ ተዘግቶ ወይም ከመጋረጃ ሥር አይቀመጥ፤ ከግድግዳው አሥር ሴንቲሜትር ያህል ይራቅ፤ ቤት ሲጠረግ አቧራ ከሚነሣበት ወለል ላይም ከፍ ይበል። በየሁለት ሦስት ወሩ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ፣ በለስላሳና በደረቅ ብሩሽ አቧራው ይራገፍ። እርጥብ ጨርቅ አይነካው።

ሲገዛ መጠየቅ ያለበት

ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ዕቃው ተሰክቶ ሲሠራ ሳያይ ገንዘብ አይክፈል። ከባድ ሥራ እየሠራ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይቆይ፤ ሥዕሉ ከተበጣጠሰ ወይም ማሽኑ ከጠፋ ይቅር። የቆየ ካርድ የአዲስ ስም ተሰጥቶት የሚሸጥበት ጊዜ ስላለ፣ ስሙና ሚሞሪው በፕሮግራም ይረጋገጥ። እ.ኤ.አ. እስከ 2022 ድረስ ኢተሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማውጣት ቀንና ሌሊት የሠሩ ካርዶችም ገበያ ላይ ወጥተዋል። እነዚህ ሁሉ የተበላሹ ናቸው ባይባልም ፋናቸው የደከመ ሊሆን ስለሚችል ድምፁ ይደመጥ። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ካልገጠመ በስንት ቀን ውስጥ ትመልስልኛለህ?» የሚለው ጥያቄ ከክፍያ በፊት ይጠየቅ፤ መልሱም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። እኚህ እናት በዚህ ጊዜ ያለዚህ ጽሑፍ ገንዘብ አልከፍልም በማለታቸው ሁለት ሱቆችን ትተው በሦስተኛው ተስማምተዋል።

ዕቃው ተገጣጥሞ ስክሪኑ ሲሰካ፣ ገመዱ ከግራፊክስ ካርዱ ላይ እንጂ ከማዘርቦርዱ ላይ እንዳይሰካ ይታይ። በዚህ ስሕተት ብቻ «ካርዱ አይሠራም» ተብሎ የተጣላ ገዢና ሻጭ ጥቂት አይደለም።

በቤት ውስጥ ስምምነት

ማሽን አንድ፣ ልጆች ሁለት ሲሆኑ ጠብ እንዳይነሣ ሥርዓቱ ዕቃው ከመግባቱ በፊት ቢወሰን ይሻላል። በእኚህ እናት ቤት ኮምፒዩተሩ የተቀመጠው ሁሉም በሚያየው ሳሎን ውስጥ ነው። በአዘቦት ቀን የትምህርት ቤት ሥራ ካለቀ በኋላ ተራው የልጅቱ ነው፤ ሬንደሩ ሌሊት ይሠራል። የወንድሙ ጨዋታ ለቅዳሜና ለእሑድ ከሰዓት በኋላ ተወስኗል። የጨዋታ ማሸጊያ ላይ ወይም መግለጫ ላይ የሚታየው 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል የአውሮፓ ምልክት ስንት ዓመት ለሞላው ልጅ እንደሚስማማ የሚያመለክት ነውና፣ እናቶች ይህን ቁጥር እንዲመለከቱ እንመክራለን። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ባለ 18ቱ አይገዛለትም።

ማሽኑ ከተገጣጠመ ከሦስት ሳምንት በኋላ እኚህ እናት ወደ ዝግጅት ክፍላችን ተመልሰው መጥተው ነበር። ልጃቸው የሠራችውን የ12 ሴኮንድ ትርኢት በስልካቸው አሳዩን። አንዲት አያት ቡና ሲቀዱ ጀበናው እጃቸው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ልጅቷ ከሥር እጇን ትደግፍላቸዋለች። በ288 ሥዕሎች የተሠራ ነው፤ ሌሊት መብራት ጠፍቶ በማግሥቱ ከቆመበት ቀጥላለች። እንፋሎቱ ገና አላማረም፤ ይህንንም ልጅቱ ራሷ ለእናቷ ነግራቸዋለች።

«ትናንት ማታ ምን አለችኝ መሰላችሁ?» አሉን እናቲቱ። «‹እማዬ፣ ሁለቱን ራም መቼ እንጨምራለን?› አለችኝ። ደስ አለኝ። እንደገና መጠየቅ ጀመረች።»

አንባብያን ሆይ፣ ይህን መሰል ዕቃ ለመግዛት ስታስቡ የካርዱን ስምና ሚሞሪ፣ የካርዱን ርዝመት፣ የሳጥኑን መጠን፣ የፓወር ሰፕላዩን ዋትና እቤት ያለውን ቦታ በአንዲት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ሜትርም ይዛችሁ ውጡ። ልጃችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ እርሱ ወይም እርሷ ስለ ፍጥነቱ ይጠይቁ፤ እናንተ ደግሞ ስለ ልኩ፣ ስለ ዋቱና ስለ ደረሰኙ ጠይቁ። እስከሚቀጥለው ሳምንት በደኅና እንሰንብት።